ከቡና ገለፈት ናፍጣ ይወጣል?

የቀረበው ጥያቄ፦ «በጅማ ዞን አነስተኛ የቡና መቀሸሪያ አለኝ። ጀንፈል ስንቀሽር የሚወጣው ገለፈት ከግቢው ጀርባ እየተከመረ ጎረቤት አስቸግሯል፤ ዝናብ ሲመታው ይሸታል፣ አንዳንዴም ከውስጥ እየጋመ ይጨሳል። አንድ የማሽን አቅራቢ በፓይሮሊሲስ ዘዴ ከ1 ቶን ገለፈት 600 ሊትር ናፍጣ እንደሚገኝ የሚገልጽ ፕሮፎርማ ሰጥቶኛል። መብራት ሲጠፋ መቀሸሪያውን የማንቀሳቅሰው በናፍጣ ጄኔሬተር ስለሆነ ነገሩ አጓጉቶኛል። እውነት ነው? ማሽኑን ልግዛው? ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክስ አብሮ መጨመር ይቻላል?»

የተከበሩ ጠያቂ፣

በፕሮፎርማው ላይ አይፈርሙ። ፓይሮሊሲስ፣ ማለትም ነገርን አየር በሌለበት ማጋም፣ ራሱ ማጭበርበሪያ አይደለም፤ የታወቀና በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ ለእርስዎ ግቢ የሚስማማ መልክም አለውና ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ችግሩ ያለው «600 ሊትር ናፍጣ» በሚለው ሐረግ ላይ ነው። ይህ ቁጥር በማሽን ጥራት ወይም በሠራተኛ ችሎታ የሚደረስበት ሳይሆን ጭራሹኑ ሊሆን የማይችል ነው።

ይህን ለማየት የኬሚስትሪ ትምህርት አያስፈልግም፤ የማባዛት ሒሳብ ይበቃል። በደንብ የደረቀ፣ እርጥበቱ 10 በመቶ ገደማ የሆነ የቡና ገለፈት ሲቃጠል በኪሎ ወደ 16 ሜጋጁል (ሜጋጁል የኃይል መለኪያ ነው) ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ በ1 ቶን ገለፈት ውስጥ ያለው ጠቅላላ ኃይል ወደ 16,000 ሜጋጁል ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ በበኩሉ 36 ሜጋጁል ያህል ይይዛል፤ 600 ሊትሩ 21,600 ሜጋጁል ማለት ነው። አቅራቢው የሚነግርዎ እንግዲህ 16,000 አስገብተው 21,600 እንደሚያወጡ ነው። ከአንድ ኩንታል ጀንፈል 135 ኪሎ ንጹሕ ቡና ቀሽሬ አስረክብዎታለሁ የሚል ሰው ቢመጣብዎ በሩን ያሳዩታል እንጂ ስለ ማሽኑ ሞዴል አይጠይቁትም። ይህም ከዚያ የተለየ አይደለም፤ እቶኑን ለማጋም፣ ገለፈቱን ለማድረቅና ፓምፑን ለማዞር የሚወጣው ኃይል ደግሞ ገና አልተቀነሰም።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መገመት ይቻላል። በፈጣን ፓይሮሊሲስ የደረቀና የተፈጨ እንጨት ከክብደቱ ከ60 እስከ 75 በመቶ የሚሆን ፈሳሽ ይሰጣል፤ ይህ በብዙ ቤተ ሙከራዎችና ፋብሪካዎች የተረጋገጠ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ኪሎውን ሊትር አደረገው፣ ሌላው ፈሳሹን ናፍጣ አለው፣ ሦስተኛው ደግሞ እንጨቱን በገለፈት ተካው። እያንዳንዱ ስህተት ለብቻው ትንሽ ይመስላል፤ ሦስቱ ሲደራረቡ ግን እርስዎ እጅ ላይ ያለው ወረቀት ይሆናሉ።

ፓይሮሊሲስ ማለት ዕፅዋትን ወይም ሌላ ሕይወታዊ ነገርን አየር በሌለበት ማጋም ነው። አየር ስለሌለ አይነድም፤ ይፈርሳል። ነገሩን ሁላችንም ቤታችን ውስጥ አይተነዋል። ክብሪት ሲጭሩ ነበልባሉን ልብ ብለው ይመልከቱት፤ የሚነደው እንጨቱ ሳይሆን ከእንጨቱ የሚወጣው ተን ነው። በወይራ ጭስ የታጠነ የጠላ ጋን ውስጡን በጣትዎ ቢያሹት የሚይዝዎ ቡናማ ልባስ፣ በሣር ጎጆ ጣሪያ ሥር የተጋገረው የሚያብረቀርቅ ጠቀርሻ፣ ከከሰል ጉድጓድ አፍ ላይ የሚንጠባጠበው ቅጥራን፣ ሁሉም ከሞቀ እንጨት የወጣ ተን ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ የጤዘው ነው። ሻጩ «የባዮማስ ዘይት» የሚልዎ ፈሳሽ ዘመዱ ጠቀርሻና ቅጥራን እንጂ ናፍጣ አይደለም። (በነገራችን ላይ፣ በፊንጫና በመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ የተመረተው ኢታኖል የእርሾ ሥራ ነው፤ የአዲስ አበባው የረጲ ማመንጫም ቆሻሻውን በአየር ያነደዋል። ሁለቱም ፓይሮሊሲስ አይደሉም፤ ሰዎች ግን ሦስቱን ብዙ ጊዜ ያምታቷቸዋል።)

በእቶኑ ውስጥ የሚሆነው በደረጃ ነው። እስከ 150 ዲግሪ ድረስ በዋናነት ውኃው ይወጣል። ከ220 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ሄሚሴሉሎስ የሚባለው ክፍል ይፈርሳል፤ የፈሳሹ የኮምጣጤ ሽታና አሲድነት በአብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው። ከ315 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ውስጥ የዕፅዋት ዋና ክፍል የሆነው ሴሉሎስ ይሰባበራል፤ ጥሩ ፈሳሽ የሚገኝ ከሆነ የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ለእንጨት ጥንካሬ የሚሰጠው ሊግኒን ደግሞ ቀደም ብሎ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቀስ እያለ ይፈርሳል፤ የጭስ ሽታ ያላቸውን ፊኖሎችና አብዛኛውን ከሰል የሚያወጣው እርሱ ነው።

እነዚህ ተኖች እንዴት እንደተያዙ ምርቱን ይወስናል። ወደ 500 ዲግሪ በቅጽበት አሙቀው፣ ተኑን በሁለት ሰከንድ ጊዜ ውስጥ አውጥተው በድንገት ካቀዘቀዙት ብዙ ፈሳሽ ያገኛሉ፤ ፈጣን ፓይሮሊሲስ የሚባለው ይህ ነው። ይህ እንዲሆን ግን ጥሬ ዕቃው ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ሆኖ መፈጨት፣ እርጥበቱም ከ10 በመቶ በታች መውረድ አለበት፤ ሙቀቱን ለመስጠት ብዙ ጊዜ የጋለ አሸዋ ይዘዋወራል፣ ተቆጣጣሪ መሣሪያውም ቀላል አይደለም። በሰዓታት ውስጥ ቀስ ብለው ካሞቁት ግን ተኑ በከሰሉ መካከል ሲያልፍ እንደገና እየተሰባበረና እየተጋገረ ከሰሉ ይበዛል፤ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ከሰል ይቀርልዎታል። ይህ ዝግተኛው ነው፤ አባቶቻችን በአፈር ሸፍነው ከሰል ሲያከስሉ የኖሩትም ይህንኑ ነበር፤ ብቻ በአፈር ጉድጓዱ አየር ስለሚገባና ጭሱ ሁሉ ስለሚባክን የሚያገኙት ከሰል ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነው።

ወደ እርስዎ ገለፈት ስንመጣ፣ አቅራቢው ያላነሳው አንድ ነገር አለ፤ ፖታሲየም። የቡና ፍሬ ከአፈር ብዙ ፖታሲየም ይወስዳል፤ ጀንፈል ሲቀሸር ይህ ማዕድን ከገለፈቱ ጋር ይቀራል። ፖታሲየም በፓይሮሊሲስ ጊዜ ያለ ጥሪ የሚመጣ አፋጣኝ ነው፤ ሴሉሎሱ ወደ ጥሩ ፈሳሽ ከመለወጥ ይልቅ ወደ ውኃ፣ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ከሰል እንዲሰባበር ይገፋፋዋል። ስለዚህ በምርጥ ፈጣን ማሽን እንኳ ከገለፈት የሚገኘው ፈሳሽ ከእንጨቱ በግልጽ ያንሳል፤ የተገኘውም ብዙ ጊዜ ከላይ ውኃማ ከታች ቅጥራን ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። ለሒሳብ ያህል ልቸርና 45 በመቶ ፈሳሽ አገኙ እንበል፣ በኪሎ 14 ሜጋጁል ይኑረው። ከ1 ቶን ገለፈት 6,300 ሜጋጁል ማለት ነው፤ በሙቀት ሲለካ የ175 ሊትር ናፍጣ ያህል። በሙቀት ሲለካ ማለቴን ልብ ይበሉ፤ ጄኔሬተርዎ ውስጥ ይገባል ማለቴ አይደለም።

ለምን እንደማይገባ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና። ጥሩ የእንጨት ፓይሮሊሲስ ፈሳሽ ከክብደቱ ከ15 እስከ 30 በመቶ ውኃ ነው። ከ35 እስከ 40 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ ናፍጣ ግን ኦክስጅን የለውም ለማለት ይቻላል። በዚህ ምክንያት በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት ከ16 እስከ 19 ሜጋጁል ብቻ ሲሆን ናፍጣ 42 ወይም 43 ይሰጣል። አሲድነቱ በፒኤች ከ2 እስከ 3 ነው፤ ይህ የኮምጣጤ ያህል ነው። ስለዚህ ተራ ብረት ይበላል፤ በጥቁር ብረት በርሜል ካስቀመጡት በርሜሉንም ፈሳሹንም ያበላሻል። ከናፍጣ ጋር አይዋሃድም፤ ቢበጠብጡት እንኳ ከታች ይዘቅጣል፤ ጥግግቱ በሊትር 1.2 ኪሎ ገደማ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ማርጀቱ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ሙከራ ያወጣነውን ፈሳሽ በጠርሙስ አድርጌ መስኮት አጠገብ አስቀምጬው ነበር። ሲወጣ እንደ ጠቆር ያለ ሻይ ይፈስ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሳየው ከላዩ ቀጭን ውኃ ተኝቶ፣ ከሥሩ ጠርሙሱን ብደፋው እንኳ ለመውረድ የሚያመነታ፣ እንደ ቆየ ማር የወፈረ ጥቁር ነገር ሆኗል። ውስጡ ያሉት ሞለኪውሎች ተቀምጠውም እርስ በርስ እየተያያዙ ስለሚቀጥሉ ነው። ሲሞቅ ይህ ይፋጠናል። ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው የኢንጀክተር ጫፍ የጋለ ስለሆነ ፈሳሹ እዚያ ሲደርስ አይተንም፤ ይጋገራል። አንድ ጄኔሬተር በዚህ መልክ ለማጥፋት ሳምንት አይፈጅም።

«እንግዲያው አጣርተው ናፍጣ ቢያደርጉትስ?» ይሉ ይሆናል። ይቻላል፤ በሃይድሮጅን ጋዝ፣ በከፍተኛ ግፊትና በካታሊስት (አፋጣኝ ንጥረ ነገር) ኦክስጅኑን አስወጥቶ እውነተኛ ነዳጅ ማድረግ ይቻላል። ካታሊስቱ ግን ቶሎ በካርቦን ይለበጣል፤ ሃይድሮጅኑም ርካሽ አይደለም። ኪዮር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሚሲሲፒ ግዛት በኮለምበስ ከተማ የጥድ እንጨትን በካታሊስት እየሰባበረ ቤንዚንና ናፍጣ ለማድረግ ትልቅ ፋብሪካ ሠራ። ግዛቱ 75 ሚሊዮን ዶላር አበደረው፤ ስመ ጥር ባለሀብቶችም ገቡበት። ፋብሪካው የታቀደለትን ምርት ሳይደርስ ቆመ፤ ኩባንያውም በኅዳር ወር 2014 እ.ኤ.አ. የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ይህን የምጠቅሰው ዘዴው የትም አይሠራም ለማለት አይደለም፤ ያ ሁሉ ገንዘብና ምሁር ያላቸው ሰዎች ያቃታቸውን አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ተጭኖ የሚመጣ ማሽን ይሠራዋል ብለው እንዳያምኑ ነው።

የተሳካላቸው ሰዎች የሠሩት ሌላ ነው፤ ፈሳሹን ናፍጣ ለማድረግ አልሞከሩም። በኔዘርላንድ ሄንገሎ በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ኢምፓይሮ የተባለ ፋብሪካ በሰዓት 5 ቶን የእንጨት ተረፈ ምርት እንዲቀበል የተሠራ ነው። ዘይቱ በቦርኩሎ ላለ የወተት ፋብሪካ ይሄዳል፤ እዚያ በቦይለር ውስጥ በተፈጥሮ ጋዝ ፋንታ ይነዳል። ከሰሉና ጋዙ ደግሞ እዚያው ሄንገሎ ተቃጥለው ኤሌክትሪክና ለአጠገቡ የጨው ፋብሪካ እንፋሎት ይሰጣሉ። በፊንላንድ ዮኤንሱም በ2013 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ተቋም ከከተማው የሙቀትና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጋር ተገናኝቶ ተሠርቷል። ሁለቱም ቦታ ላይ ምርቱ በቦይለር የሚነድ ነው፤ ሙቀት የሚፈልግ ጎረቤት አጠገባቸው አለ፤ ጥሬ ዕቃውም ዓመቱን ሙሉ የሚመጣ እንጨት ነው። በሰዓት 5 ቶን ማለት በቀን 120 ቶን መሆኑን አስበው ከግቢዎ ክምር ጋር ያነጻጽሩት።

ታዲያ ምን ያድርጉ? እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ፈሳሹን ረስቼ ከሰሉን እይዝ ነበር፤ ተኑንም ሳላቀዘቅዝ እዚያው አነደው ነበር።

ገለፈቱን በዝግ እቶን በ450 ዲግሪ አካባቢ ቀስ ብለው ቢያከስሉት ከ1 ቶን 320 ኪሎ ያህል ከሰል ይጠብቁ። በኪሎ 24 ሜጋጁል ቢይዝ ወደ 7,700 ሜጋጁል ይሆናል፤ ከገባው ኃይል ግማሽ ገደማ በጠጣር መልክ፣ ሊከማችና ሊሸጥ በሚችል ነገር ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ቀሪው በተኑና በጋዙ ውስጥ ነው። ይህ ተን በቱቦ ተመልሶ ከእቶኑ ሥር እንዲነድ ከተደረገ፣ ሥራው አንዴ ከተነሣ በኋላ ራሱን በራሱ ያግማል፤ የሚተርፈውም ሙቀት ለማድረቂያ ይሆናል። ጭሱም ስለሚቃጠል የጎረቤት አቤቱታ ይቀንሳል። የሚጤዝ ነገር ስለሌለ ደግሞ የት ልድፋው የሚሉት ፈሳሽ የለዎትም። ይህን የመጨረሻውን አቅልለው አይዩት፦ የፓይሮሊሲስ ውኃ በአሲድና በፊኖል የተሞላ ነው፤ ወደ ወንዝ ቢለቀቅ ዓሣ ይገድላል፣ የታችኞቹንም ሰዎች ውኃ ያበላሻል።

የእቶኑ ቅርጽ ላይ የሚያስቸግርዎ ገለፈቱ ራሱ ነው። ቀላል ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሠላሳ አርባ ኪሎ ብቻ ይይዛል። ሙቀትም አያሳልፍም። በርሜሉን ጢም አድርገው ሞልተው ከውጭ ቢያነዱበት ዳሩ ከሰል ሆኖ መሐሉ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረ ሰው ሁሉ የሚያየው ይህንን ነው። መፍትሔው ገለፈቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ሳይወፍር መዘርጋት፣ ወይም በበርሜሉ መሐል ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ማቆም፣ ወይም ደግሞ ገንዘብ ካለ በቀስታ የሚዞር በርሜል ወይም በስክሩ የሚገፋ ቱቦ ማሠራት ነው። የመጨረሻዎቹን ጥሩ የብረት ሥራ ባለሙያ በአገር ውስጥ ሊሠራቸው ይችላል። በአፉ ሰፊ፣ በሥሩ ጠባብ በሆነ ክፍት ጉድጓድ ከላይ ነበልባል እያስነሡ ማክሰልም አለ፤ ደቃቅ ገለፈት ለብቻው ሲደፋበት ግን እሳቱን አፍኖ ያጨሳል። የቡና ጉንደላ ጊዜ የተቆረጠውን ግንድና ቅርንጫፍ አስቀድመው አንድደው ገለፈቱን በስሱ እየበተኑበት ቢሠሩ ይሻላል።

እርጥበቱን አይናቁት። 30 በመቶ እርጥበት ያለውን 1 ቶን ገለፈት ወደ 10 በመቶ ለማውረድ 222 ኪሎ ውኃ ማትነን ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ ውኃ ለማትነን 2.26 ሜጋጁል ይፈጃል፤ የማድረቂያው ብክነት ሲጨመር እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ በድምሩ ወደ 1,000 ሜጋጁል ለውኃ ብቻ ይከፍላሉ ማለት ነው። መቀሸሪያዎ በበጋ የሚሠራ በመሆኑ ዕድለኛ ነዎት፤ ገለፈቱን ከመቀሸሪያው አፍ እንደወጣ በደረቁ ከጣሪያ ሥር ቢያስገቡት ፀሐይ የሠራችውን ሥራ ዝናብ አያፈርሰውም። ከውስጡ እየጋመ የሚጨሰው አሮጌው ክምር ግን ኃይሉን ለተሐዋስያን እየከፈለ ነው፤ እርሱን ለኮምፖስት ይተዉት እንጂ ወደ እቶን አያስገቡት።

ስለ ከሰሉ ጥራት እውነቱን ልንገርዎ። በገለፈቱ ውስጥ ያለው ማዕድን በሙሉ ማለት ይቻላል ከሰሉ ውስጥ ይቀራል። ገለፈቱ 6 በመቶ አመድ ቢኖረው፣ ክብደቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ስለወረደ ከሰሉ ወደ 19 በመቶ አመድ ይሆናል፤ ጥሩ የእንጨት ከሰል ከዚህ በጣም ያነሰ አመድ አለው። ስለዚህ ምድጃ ላይ ብዙ አመድ ይተዋል፤ ገዢዎ ይህን በመጀመሪያው ቀን ያየዋል። ከግራር ከሰል እኩል ነው ብለው አይሽጡት። ቀስ ብሎ የሚነድ መሆኑን ነግረው፣ ዋጋውን ዝቅ አድርገው ቢያቀርቡት ደንበኛ አያጡም። ደቃቅ ስለሆነም በማያያዣ ተጠቅጥቆ ብሪኬት መደረግ አለበት። በፈላ ውኃ የተበጠበጠ ስታርች ከ4 እስከ 8 በመቶ ጥሩ ያያይዛል፤ ካሳቫ በአካባቢው ካለ ዱቄቱ ይሆናል፤ ሞላሰስም ይይዛል፣ ብቻ ሲቀጣጠል ያጨሳል። ሸክላ አፈር መጨመር ርካሽ ነው፤ አመዱ ላይ አመድ መጨመር ስለሆነ ግን አልመክርም።

ከሰሉ ሌላ መንገድም አለው፤ እኔ እንዲያውም የማደላው ወደዚህ ነው። የጅማ አካባቢ ቀይ አፈር በብዛት አሲዳማ ነው። የገለፈት ከሰል በያዘው ፖታሲየምና ሌላ ማዕድን የተነሣ ኖራ ባይሆንም የኖራ ጠባይ አለው፤ ምድጃ ላይ ጉድለት የሆነው አመድ እርሻ ላይ ጥቅም ይሆናል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቡና ገለፈት የተሠራ ባዮቻርን (ለአፈር የሚሰጥ ከሰልን) በአካባቢው አሲዳማ አፈር ላይ ሞክረው የአፈሩ ፒኤች ከፍ ማለቱን ጽፈዋል። ለብቻው ከመበተን ይልቅ ከኮምፖስት ጋር ለጥቂት ሳምንታት ተቀላቅሎ ቢቆይ ይሻላል፤ ደረቅ አዲስ ከሰል መጀመሪያ ላይ ናይትሮጅኑን ወደ ራሱ ሊስብ ይችላል። ገለፈቱ የመጣው ከገበሬዎቹ ማሳ ነው፤ ከፖታሲየሙ ጥቂቱን መልሰው ቢሸጡላቸው ወይም በጀንፈል ዋጋ ላይ ቢያስቡላቸው ነውር የለውም።

አደጋውን በሚመለከት ሁለት ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ከእቶኑ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጅንና ሚቴን አለበት። የመጀመሪያው ሽታ የለውም፣ ሰውን ተኝቶ እንዲቀር ያደርጋል፤ ስለዚህ እቶኑ ግድግዳ ከሌለው ዳስ ሥር እንጂ ቤት ውስጥ አይተከልም። ሁሉም ደግሞ ከአየር ጋር ተቀላቅለው ፍንጣሪ ካገኙ ይፈነዳሉ። አደገኛዎቹ ሰዓቶች መነሻውና ማቆሚያው ናቸው፦ ሲነሣ ውስጡ ገና አየር አለ፣ ሲቆም ደግሞ እቶኑ እየቀዘቀዘ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። የጋለ እቶን በምንም ምክንያት አይከፈትም። ቱቦው በቅጥራን ሊደፈን ስለሚችል ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍስ መውጫ፣ ለምሳሌ ቀላል የውኃ ማገጃ፣ መኖር አለበት። እኔ ራሴ በአንድ ወርክሾፕ ባደረግነው ሙከራ ቱቦው ክርኑ ላይ ተደፍኖ ክዳኑ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተስፈንጥሮ ጣሪያ መትቶ አግኝቼዋለሁ፤ ሰው ያልተጎዳው ሁላችንም ምሳ ላይ ስለነበርን ነው። ቱቦ አጭር፣ ሰፊና እንደጋለ የሚቆይ ይሁን፤ ክርን አይብዛበት። አዲስ ከሰልም ከወጣ በኋላ ኦክስጅን እየሳበ እንደገና ሊቀጣጠል ስለሚችል በዝግ ዕቃ ቀዝቅዞ፣ ውኃ ተረጭቶበት፣ ቢያንስ አንድ ቀን ተዘርግቶ ካላደረ በጆንያ አይሞላም።

ፌስታሉንና የውኃ ፕላስቲኩን አይጨምሩ። ፌስታል ከፖሊኤቲሊን የተሠራ ስለሆነ ለብቻው በተገቢው ማሽን ሲሰባበር ለናፍጣ የቀረበ ዘይትና ሰም ይሰጣል፤ ስለ «ቆሻሻ ወደ ናፍጣ» የሚወራው ብዙው ወሬ ከዚህ የመጣ ነው። የውኃ ጠርሙስ ግን ፔት የሚባል ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፤ ዘይት በመስጠት ፈንታ ቱቦ የሚደፍን ነጭ ጠጣር ይሰጣል። የቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ የሆነው ፒቪሲ ደግሞ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ያወጣል፤ ብረቱንም ሳንባውንም ይበላል። በሠራተኛ እጅ እነዚህን አንድ በአንድ ለይቶ ማውጣት አስተማማኝ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከተቀላቀሉ ደግሞ ከሰሉ ለምድጃም ለእርሻም አይሆንም። አጠገብዎ ቡና የሚያጥብ ሰው ካለም የእርሱን እርጥብ ተረፈ ምርት ለማክሰል አይቀበሉት፤ ውኃውን ለማትነን የሚወጣው ኃይል ጥቅሙን ይበላዋል፤ ለእርሱ የሚሻለው ባዮጋዝ ወይም ኮምፖስት ነው።

ስለ ጄኔሬተሩ፦ ከገለፈት ኤሌክትሪክ የግድ ካስፈለገ መንገዱ ጋዝ ማድረግ ነው፤ ጥቂት አየር እየሰጡ ጋዝ አውጥቶ፣ አጥቦና አጣርቶ በሞተር ማንደድ። እዚህም ፖታሲየሙ ይቀድምዎታል፤ አመዱ በዝቅተኛ ሙቀት እየቀለጠ በእቶኑ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ይጋገራል፣ ማጽጃውም ቀን ተቀን ሰው ይፈልጋል። መብራት በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለሚጠፋበት መቀሸሪያ አይመከርም፤ ናፍጣውን መግዛትዎን ይቀጥሉ፣ ገለፈቱ ደግሞ በከሰል መልክ የናፍጣውን ወጪ ይሸፍንልዎ።

ከመወሰንዎ በፊት ግቢ ውስጥ የሚደረግ ሙከራ አለ። ክዳን ያለው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ወስደው ክዳኑን በሚስማር አንድ ቦታ ይብሱት፤ ካልበሱት ይፈነዳል። በወጥ ቤት ሚዛን የመዘኑትን 100 ግራም ደረቅ ገለፈት ጨምረው ክዳኑን ገጥመው ከቤት ውጭ እሳት ላይ ያስቀምጡት። መጀመሪያ ነጭ እርጥብ ጭስ ይወጣል፤ ይህ ውኃ ነው። ቀጥሎ ጭሱ ወፍሮ ቢጫ ይሆናል፤ እሳት ቢያቀርቡበት ቀዳዳው ላይ ነበልባል ይቆማል። ነበልባሉ ራሱ ሲጠፋ ቆርቆሮውን ከእሳት አውጥተው ቀዳዳውን በጭቃ ደፍነው እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። የቀረው 30 ግራም አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው፤ 45 ወይም 50 ከሆነ ወይ አልበሰለም ወይ ገለፈቱ አፈር አለበት። ያንን ከሰል ደግሞ በጣባ ላይ ሙሉ በሙሉ አንድደው አመዱን ይመዝኑ።

ይህን ካደረጉ በኋላ አቅራቢው የእርስዎን ገለፈት በራሱ ማሽን እንዲያስኬድልዎ ይጠይቁት፤ ማሳያ ብሎ ያዘጋጀውን እንጨት ወይም ጎማ አይቀበሉ። የሚወጣውን ፈሳሽ በቤተ ሙከራ የውኃ መጠኑን፣ አሲድነቱንና የሙቀት ዋጋውን ያስለኩ፤ ወጪውን እርስዎ ቢችሉ ይሻላል፣ ወረቀቱ በእጅዎ እንዲቀር። ናሙናውን ሲያወጡ ከክምሩ አናት ላይ አንድ ጆንያ ዘግነው አይውሰዱ። አናቱ በፀሐይ የደረቀ ነው፤ ከመሐሉ፣ ከሥሩና ከዚያው ዕለት ከተቀሸረው እኩል እኩል ወስደው፣ ሸራ ላይ ደባልቀው፣ በላስቲክ አጥብቀው ከቋጠሩ በኋላ ይላኩት።